መልአክ አራጋፊ የተባሉት የማስትሮ ሊቦሪዮ ዜና ሕይወት

ሱቃችሁን ዘግታችሁ፣ ከሥራ ቀርታችሁ የመጣችሁ ዘመዶች፣ ጎረቤቶች፣ የግንበኞች ማኅበር ሰዎች፤ ዛሬ የምንሸኛቸው የእናቴ አባት ማስትሮ ሊቦሪዮ ስካንዱራ ናቸው። ባለቤታቸው ዶና ኒንፋ «አንተ አንብብ፣ አብረኸው ስትለስን የኖርከው አንተ ነህ» ስላሉኝ፣ እንደሚሆን እንደሚሆን አድርጌ አነባለሁ።

ማስትሮ ሊቦሪዮ ከአባታቸው ከማስትሮ ኮዚሞና ከእናታቸው ከዶና ፊሊፓ፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ትንሽ ቀደም ብሎ፣ እዚችው ከተማችን ሮካፊና ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ቁልቁለት ተወለዱ። አባታቸውም የአባታቸው አባትም በሙያቸው ማስትሮ የተባሉ ለሳኞች ነበሩ። ወደ ላይ ብትቆጥሩት ዘራቸው ከታላቁ ርእደ መሬት በኋላ ይህን ቤተ ክርስቲያን በኖራና በእብነ በረድ ዱቄት ያለበሱት ሰዎች ጋ ይደርሳል። እነዚያ ሰዎች አምዶቹን እንደተጨመቀ አንሶላ ጠመዘዟቸው፣ ጣሪያውን በደመና ሞሉት፣ ጉንጫቸው የተነፋ መላእክት በየጥጉ ሰቀሉ። የመላእክቱን ፊት ከገዛ ልጆቻቸው ፊት ነው የቀዱት ይባላል።

ማስትሮ ሊቦሪዮ ትምህርት ቤት ገብተው ማንበብ እንደጀመሩ፣ ቤቱ እጅ ስላነሰው አባታቸው አውጥተው የኖራ ጉድጓድ አጠገብ አቆሟቸው። ከዚያ በኋላ የተማሩት ሁሉ በመዳፋቸው ነው። አባታቸው ሲሞቱ ገና ጢማቸው እየበቀለ ነበር፤ ግን ሥራውን ያዙት። ቀጥሎም የጋጋሪውን ልጅ ኒንፋን አገቡ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነገሩ አፍ ያስይዛል፤ ግን መዝለል አይሆንልኝም። በዚያ ዘመን የዚህ የጥምዝምዝና የመላእክት አሠራር ስም፣ ባሮክ ማለት፣ ስድብ ነበር። ትልቁ ከተማ ያሉት ምሁራን፣ ይሄ ጥበብ ሳይሆን በሽታ ነው፣ ድንጋይ ትኩሳት ይዞት ሲቃዥ ነው ብለው ይጽፉ ነበር። ቄሳችን ዶን ፉልጄንሲዮ እዚያ ተምረው ሲመለሱ፣ ከዚህ ሁሉ ጥምዝምዝ ስር የጥንት አባቶች ንጹሕ ድንጋይ አለ፣ እሱን እናውጣ ብለው ሰበኩ። ሰዉም ደስ አለው። እውነቱን ብንናገር ቀድሞም በመላእክታችን እናፍር ነበር፤ ለሠርግ ከባሕር ዳርቻ የሚመጡ እንግዶች ቤተ ክርስቲያኑን እያዩ «ልትጋቡ ነው ወይስ ኬክ ልትቆርሱ?» እያሉ ሲስቁብን ኖረናል። ስለዚህ ከተማው ባንድ ድምፅ አራግፉልን አለ። አንድም ሰው እምቢ አላለም። ሥራው ለማስትሮ ሊቦሪዮ ተሰጠ፤ እሳቸውም ወጣት ነበሩና ኮሩ።

መወጣጫው ላይ ሆነው መዶሻ ሲያነሱ፣ ታች ያለው ሕዝብ እንደ በዓል ያጨበጭብ ነበር። የመጀመሪያው ግድግዳ ሲገፈፍ ግን የጥንት ድንጋይ የሚባል ነገር አልተገኘም። ከርእደ መሬቱ የተረፈ የቤት ፍርስራሽ፣ የሸክላ ስባሪ፣ ጭቃ። አባቶቻችን ያንን ግድግዳ በመላእክት የሸፈኑት አፍረውበት ነበር። ማስትሮ ሊቦሪዮ ይህን በዓይናቸው አዩ። ዶን ፉልጄንሲዮ ዝቅ ሲል ይገኛል አሉ፣ ሕዝቡ አጨበጨበ፣ እሳቸውም መዶሻውን መልሰው አነሱ። ለዶና ኒንፋ ሲናገሩ፣ «አውቄ ነው የቀጠልኩት፤ እያጨበጨቡልኝ ማቆም አሳፈረኝ» ይሉ ነበር። ይኼው ዛሬ የተቀመጥንበት ቤተ ክርስቲያን ግድግዳው እንደምታዩት ስባሪና ጭቃ ነው።

ከዚያ ልጃቸው አግሪፒና፣ እናቴ፣ ተወለደች። ዓመታት አለፉ፣ የምሁራኑም ሐሳብ ተገለበጠ። ያ በሽታ የተባለው የሲሲሊ ክብር ሆነ። ከሸለቆው ማዶ ያለው ከተማ ለማራገፊያ የሚሆን ገንዘብ አጥቶ የራሱን መላእክት እንዳሉ ትቷቸው ነበር፤ አሁን በአውቶቡስ የሚመጣ እንግዳ መቆሚያ አጣ። የኛዎቹ ወጣቶች እዚያ ሄደው ሳህን ያጥባሉ፣ እኔም አጥቤያለሁ። ያን ጊዜ ሮካፊና ጥፋተኛ ፈለገች፤ ዶን ፉልጄንሲዮ ሞተዋል፣ ምሁራኑ ሩቅ ናቸው። መዶሻ የያዘው ሰው ግን በየቀኑ አደባባዩን አቋርጦ ያልፋል። መልአክ አራጋፊ ተባሉ። በአገራችን ደንብ ቅጽል ስም ከወጣ ወዲያ የክርስትና ስም ይረሳል።

ባለ ቡና ቤቱ ጋውዴንዚዮ እዚህ አለ፣ ይቅር ይበለኝ። እንግዳ ሲመጣለት ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «ማስትሮ፣ ሰዎቹ መላእክቱ የት ሄዱ ይላሉ፤ በልተዋቸዋል ልበላቸው ወይስ በረሩ ልበል?» ይላቸው ነበር።

እሳቸውም፣ «ቡናውን ቅዳ ጋውዴንዚዮ፣ ይቀዘቅዛል» ብለው ጠጥተው ይወጡ ነበር።

ዶና ኒንፋ፣ ሁሉም አጨብጭቧል ብለህ ለምን አትመልስለትም ሲሏቸው፣ «ያራገፈው እጅ የኔ ነው» ይሉ ነበር። ማኅበሩ የቅዱስ ዮሴፍን ሐውልት ተሸክሞ ሲዞር እንኳ አፍረው ትከሻቸውን ሳይሰጡ ከኋላ ይከተሉ ነበር።

አሁን የምለውን እስከ ዛሬ አልተናገርኩትም። ባለፈው ጸደይ እዚህ ከተማ ውስጥ ባንድ ቤት፣ የማን እንደሆነ አልልም፣ የፈነዳ የፍሳሽ ቱቦ ልቀይር የወለሉን ንጣፍ፣ ማቶኔላውን፣ ነቅዬ ስቆፍር፣ ከስሩ የሕፃን እጅ ወጣ። የኖራ እጅ ነው፣ ጣቶቹ ሳይቀሩ። ቀጥሎ ክንፍ፣ ቀጥሎ ግማሽ ጉንጭ። ሮጬ ለአያቴ ነገርኳቸው። ምንም አልደነቃቸውም። ያን ጊዜ ፍርስራሹ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ሲከመር፣ ኖራ እርጥበት ይመጥጣል ተብሎ ሰዉ በቅርጫትና በአህያ እየጫነ ወስዶ ወለሉ ስር ደለደለው፤ ከላይ ማቶኔላውን ያነጠፉለት አያቴ ራሳቸው ናቸው። ሰዉ ቢረሳውም፣ የማን ቤት ስር ምን እንዳለ እሳቸው ያውቁ ነበር። ሰዎቹ መላእክቱ ላይ ቆመው ነበር የሚሰድቧቸው።

«ሄደህ መልሰህ ድፈነው» አሉኝ። «እኔ በሕይወት እያለሁ እንዳታወራ፤ ኃጢአቱን ሊያካፍለን ነው ይላሉ። ስሞት ግን ንገራቸው፣ የት እንዳሉ ይወቁ። ይኼን ሁሉ ዘመን ጠፉ ብለው አዝነዋል እኮ።»

ኖራው ሳንባቸውን በልቶት ነበርና ሕመሙ በክረምቱ ጸናባቸው፤ በትናንትናው ማለዳ በቤታቸው አረፉ። በኛ ደንብ የሞተ ሰው ስም ከነቅጽሉ ታትሞ በየግድግዳው ይለጠፋል። እናቴና እኔ አፈርንና ቅጽሉን አስቀረነው። «ሊቦሪዮ ስካንዱራ አረፉ» ብቻ ብለን ለጠፍን። እስከ ቀትር ከጎረቤት በቀር የመጣ አልነበረም፤ ሰው ወረቀቱን እያነበበ፣ ይሄ ደግሞ ማነው እያለ ያልፍ ነበር። ዶና ኒንፋ ሲሰሙ፣ «እሱ ተሸክሞት የኖረውን ስም እናንተ አንድ ቀን ወረቀት ላይ መሸከም አቃታችሁ?» አሉን። ቅጽሉን ጨምረን እንደገና አሳትመን ለጠፍን፣ ይኼው ቤተ ክርስቲያኑ ሞላ። ይህን ሁሉ ሰው የጠራልን ያ ስም ነው። ስሙ የሳቸው ብቻ እንዳልነበረ ግን ዛሬ ማታ ቤታችሁ ገብታችሁ ስትቆሙ ታውቁታላችሁ። የኛም ማድ ቤት ከስሩ መልአክ አለበት።

ማስትሮ ሊቦሪዮ ባለቤታቸውን ዶና ኒንፋን፣ ልጃቸውን አግሪፒናን፣ የልጅ ልጃቸውን እኔን ኮዚሞን፣ ከኖራ ጉድጓዳቸውና ከመሣሪያቸው ጋር ትተው ሄደዋል። የግንበኞች ማኅበር፣ ሬሳውን አንሡልን፤ እሳቸው ያልሰጡትን ትከሻ እናንተ ስጧቸው። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ማንም በማያፍርበት ቤት ያሳርፍልን፤ እኛንም ወደ ቤታችን ስንመለስ ቀስ ብለን እንድንረግጥ ያድርገን። አሜን።