የኦገስቲን ኮምፒውተር እና የወጥ ቤቱ በር

የምስክር ስም፦ ወ/ሪት ፊሎሚና ኪሆ
ዕድሜ፦ 76
ሥራ፦ ጡረታ የወጡ መምህርት
አድራሻ፦ ግሬይ ኮቭ፣ ኒውፋውንድላንድ፣ ካናዳ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ እ.ኤ.አ. ማርች 9 ቀን 2016
ቃል ተቀባይ፦ ኮንስታብል ራልፍ ፔኒ

ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተመዘገበው እኔ፣ በመንደራችን ትምህርት ቤት ሳስተምር የኖርኩና የትምህርት ቤቱን ኮምፒውተሮችም የምጠግን የነበርኩ ስሆን፣ ትናንት ከሰዓት በኋላ በወይዘሮ ብራይድ ሃንራሃን ቤት ያየሁትንና የሰማሁትን ብቻ እናገራለሁ። የምጠረጥረው ነገር ካየሁት ጋር ተቀላቅሎ እንዳይጻፍ ቃል ተቀባዩን አሳስቤአለሁ።

ብራይድ ጎረቤቴ ናት። ባለቤቷ ኦገስቲን ባለፈው ኦክቶበር ዓሣ ለማጥመድ እንደወጣ አልተመለሰም። ጀልባው ተገልብጣ ስትገኝ አስከሬኑ አልተገኘም። ኦገስቲን ምሽት ምሽት ፎቅ ላይ ካለችው ትንሽ ክፍል ተቀምጦ፣ የዕለቱን ነፋስና የባሕሩን ሁኔታ እየተናገረ ድምፁን በኮምፒውተሩ ይቀዳ ነበር። በኖቬምበር የወንድሙ ልጅ ዴክላን ለብራይድ አዲስ ሃርድ ዲስክ ገጠመላትና የኦገስቲን ቅጂዎች ያሉበትን አሮጌውን ነቅሎ በጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ አስቀመጠው። ትናንት ብራይድ፣ «እስቲ ያንን ዲስክ መልሰሽ ሰኪልኝ፣ ፊል። ድምፁ ከጆሮዬ እየጠፋብኝ ነው» ስላለችኝ ሄድኩላት።

አሮጌውን ዲስክ አውጥቼ ከአዲሱ ጎን ሰካሁት። ኮምፒውተሩ አልነሳም። በጥቁሩ ስክሪን ላይ አንዲት ነጭ ሰረዝ ብልጭ ድርግም ትላለች እንጂ ሌላ ነገር የለም። አሮጌውን ስነቅለው ወዲያው ተነሳ፤ መልሼ ስሰካው እንደገና ቆመ። ገመዱን ቀየርኩ፤ ያው ነው። ብራይድ በሩን ተደግፋ፣ «እንደ ባለቤቱ ነው ባክሽ፤ ካልለመኑት አይነሳም» ብላ ሳቀች። ቀጥዬ ማሽኑ መጀመሪያ ከየትኛው ዲስክ እንዲነሳ የሚታዘዝበትን ቦታ ከፈትኩ። አንደኛ ሆኖ የተመደበው አሮጌው ዲስክ ነው። ለዴክላን ደወልኩለት። «ኧረ ቲቸር፣ እኔ አዲሱን ነው አንደኛ ያደረግኩት፤ እናቴ ትሙት!» አለኝ። ዴክላን ተማሪዬ ነበር። ሰነፍ ነው እንጂ ውሸታም አይደለም።

አዲሱን አንደኛ ሳደርገው ኮምፒውተሩ ያለ ችግር ተነሳ፤ በአሮጌው ላይ ያለውንም ማየት ቻልኩ። አሮጌው ዲስክ በሥራ ላይ እያለ ኤሌክትሪኩ በድንገት የተነቀለበት መሆኑን የሚያሳይ ምልክት ነበረው። በላዩ ያለው የመጨረሻ የድምፅ ቅጂ የፌብሩዋሪ ነው። በፌብሩዋሪ ዲስኩ መሳቢያ ውስጥ መሆን ነበረበት፤ ኦገስቲንም ከጠፋ ወራት አልፈው ነበር። የማሽኑን ቀንና ሰዓት መረመርኩ፤ ትክክል ነው።

ቅጂውን ከፈትኩት። ወንበር ይንቋቋል። ከዚያ ሰው ማይክሮፎኑ አጠገብ ይተነፍሳል፤ ቃል አይናገርም። ቆይቶ ከምድር ቤት የብራይድ ድምፅ፣ «ማነህ አንተ? ሻይ ጥጃለሁ፣ ውረድ!» ይላል። ደረጃውን የሚወጣ እግር ይሰማል። ቅጂው እዚያ ላይ ተቆርጧል።

በእኛ መንደር በር አይቆለፍም፤ የሚያንኳኳም ሰው የለም። የመጣ ሁሉ ገፍቶ ይገባል፣ ባለቤቱም ማን እንደሆነ ዞሮ ሳያይ ሻይ ይጥዳል። ብራይድ ያን ቀን ኮቴ ሰምታ ዴክላን እንደመሰላት፣ ልታየው ደረጃው አጋማሽ ላይ ስትደርስ ስልክ ጠርቶ እንደተመለሰች ነገረችኝ። ከዚያ በኋላ ማን እንደነበረ ማንንም አልጠየቀችም። እኔም ብሆን አልጠይቅም ነበር።

ትንፋሹን ደጋግማ አዳመጠችና፣ «የእሱ ነው። ሲደክመው አፍንጫው ያፏጫል» አለች። እኔ ፉጨቱን ሰምቻለሁ። የማን እንደሆነ ግን አላውቅም፤ የማላውቀውን አልመሰክርም።

ለፖሊስ ስደውል ጉሙ ስለከበደ እንደሚዘገዩ ተነገረኝ። በዚህ ጊዜ ምስማር ላይ ተሰቅሎ የዛገውን ቁልፍ አውርጄ፣ ዘይት ቀብቼ፣ የወጥ ቤቱን በር ቆለፍኩ። ብራይድ፣ «አንቺ ሴት፣ ቢመጣስ?» አለችኝ። «ከመጣ አፍ አለው፤ ስሙን ይናገራል» አልኳት።

ገና ሳይመሽ በረንዳው ላይ ኮቴ ሰማን። የበሩ እጀታ ወደ ታች ወረደ። አላንኳኳም። በሩ እንዴት እምቢ እንዳለ ያልገባው ይመስል ጥቂት ቆይቶ አንድ ጊዜ በትከሻው ገፋው። በእኔ ላይ እንኳን የሚጮኸው የብራይድ ውሻ ተነሥቶ በሩ ሥር ጭራውን ይቆላ ጀመር። «ማነው?» ብዬ ጮኽኩ። ብራይድ ክንዴን ይዛ፣ «ቁልፉን ስጪኝ፣ ፊል። በማርያም ይዤሻለሁ» አለችኝ። አልሰጠኋትም። እጀታው ቀስ ብሎ ወደ ላይ ተመለሰ።

ኮንስታብል ፔኒ ሲደርሱ በሩን አንኳኩ። ብራይድ ቀና ሳትል፣ «ይኼኛው እንግዳ ነው» አለች። ስከፍት፣ በእኛ ዘንድ ሰው ወደ ቤት ሲገባ እንደሚያደርገው ወልቆ ጎን ለጎን የተቀመጠ የዓሣ አጥማጅ ቦት ጫማ ደጃፉ ላይ አገኘን። እጄን ስከትበት ውስጡ ገና ለብ ያለ ነበር። በረዶው እንደ ድንጋይ ደርቆ ስለነበር ከደጃፉ የሚሄድ ዱካ አልታየም። ብራይድ ጫማውን አየችው፤ የማን እንደሆነ ግን አልተናገረችም። ፍለጋው ሌሊቱን ተደርጎ እስካሁን የተገኘ ሰው የለም።

ብራይድ ከትናንት ጀምሮ የወጥ ቤቱን በር ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ካፖርቷን እንደለበሰች ተቀምጣለች። እኔን አታናግረኝም። ዛሬ ጠዋት በዴክላን በኩል የላከችብኝ ቃል፣ ያ ሰው በሕይወትም ሆነ ሞቶ ቢገኝ፣ በሩን የዘጋችበት እሷ አለመሆኗ በጽሑፍ እንዲቀመጥላት ነው። ስለዚህ ይጻፍ፦ ቁልፉን ያዞርኩት እኔ ነኝ፤ ስትለምነኝም የከለከልኳት እኔ ነኝ።

ቃሌ ተነብቦልኝ፣ የተገደፉትን ፊደላት አሳርሜ፣ እውነት መሆኑን በፊርማዬ አረጋግጣለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ፊሎሚና ኪሆ
የቃል ተቀባይ ፊርማ፦ ኮንስታብል ራልፍ ፔኒ