ይሉኝታ የማያውቀው ዘበኛ

ቦሌ አራብሳ፣ ኮንዶሚኒየሙ አብቅቶ አዲሱ መንገድ በሚጀምርበት ጥግ ላይ፣ ጋሼ ገረመው ከቀብር ሲመለሱ አንዲት የሥራ ቆብ ያደረገች ወጣት ምሰሶ ሥር ቆማ ወደ ላይ አንጋጣ አገኟት። ምሰሶው ላይ የመንገድ ሥራው ካሜራ አለ፤ ኃይል የሚሰጠው ሶላርም ከአናቱ ተገጥሟል። ሁለቱም ግን ከትናንት ጀምሮ በሸራ ተጠቅልለዋል። ያስጠቀለሉትም ሌላ ሰው ሳይሆኑ ራሳቸው፣ የእድሩ ዳኛ ጋሼ ገረመው ናቸው።

እንግዲህ በዚያ ሰፈር ጋሼ ገረመው «ተው» ካሉ የሚቀጥል፣ «አድርግ» ካሉ የሚቀር ነገር የለም። የወይዘሮ የሻሽወርቅ ባል ሲያርፉ ድንኳን መትከያ ጠፋ፤ የደጁ ሜዳ ሁሉ ተቆፍሯል። እሳቸው ታዲያ መች ቸገራቸው! የፍሳሽ ቦዩን የከለለውን አጥር አስነስተው ድንኳኑን ቦዩ አፋፍ ላይ አስተከሉት። የሥራው ዘበኛ ያፌት አንድ ቃል ሊናገር ብሎ ፊታቸውን አየና ዋጠው።

ወጣቷ ሩሃማ የምትባል የመንገዱ መሐንዲስ ነበረች። እግዚአብሔር ያጽናችሁ ካለች በኋላ፣ ምስሉ ስለጨለመባት መምጣቷን ነግራ ሸራው እንዲወርድ በትሕትና ጠየቀች።

«ልጄ፣ ደረቷን የምትመታ ሴት ልትቀረጽ ነው? ማታ በየስልኩ ሲሳቅባት ልናይ?»

ስጋታቸው ከንቱ አልነበረም፤ የስንቱ ለቅሶ መሳለቂያ ሆኗል። ሩሃማም አላጣጣለችውም። ካሜራው የዞረው ወደ ቦዩና ወደ ማሽኖቹ መሆኑን፣ ምስሉን የሚያዩት የሥራው ኃላፊዎች ብቻ መሆናቸውን፣ ጊዜው ሲያልፍም እንደሚጠፋ አስረዳቻቸው። የድንኳኑን ውስጥ የሚያይ ቢሆን እኔው ራሴ እሸፍነው ነበር አለች።

ለጋሼ ገረመው ግን አልተዋጠላቸውም። እኛ መብራት ሲጠፋ በሻማ ስናመሽ ይሄ ፀሐይ እየተቀለበ ይሰልለናል አሉ። ዘበኛ እያለልንስ ለምን ያስፈልጋል?

ሩሃማ በዚህ መሃል ዓይኗ ድንኳኑ ሥር ደርሶ አጥሩ አለመኖሩን አየች። ፊቷ ተለዋወጠ።

«ያፌት ደህና ዘበኛ ነው፤ ግን ይሉኝታ አለው። እርስዎ አጥሩን ሲያስነሡ እምቢ ማለት አልቻለም መሰለኝ፤ ለእኔም መንገር አፈረ። ካሜራው ባይሸፈን ኖሮ ትናንትናውኑ አይቼ እመጣ ነበር።»

«ይሉኝታ የሌለው ነገር ታዲያ ሰፈር ውስጥ ምን ይሠራል? ሰውን ሰው ያሰኘው ይሉኝታ አይደለም እንዴ?»

«ሰው ፊት ልክ ነዎት፣ ጋሼ። ጉድጓድ አፋፍ ላይ ግን ይሉኝታ ይገድላል። አፈሩ እርስዎን አያከብርም።»

እንዲህ ብሎ የተናገራቸው ሰው አልነበረም፤ ደማቸው ፈላ። እሷ ግን ድምጿን ሳትጨምር ሌሊቱን የወረደውን ዝናብ አስታወሰቻቸው። አፋፉ ውኃ ጠጥቷል። ከድንኳኑ ጀርባ መተላለፊያ የለም፣ ከማዶ ደግሞ የተቆፈረው አፈር ተከምሮ ይጋርዳል፤ ቦታውን ማየት የሚቻለው ከላይ ብቻ ነው። ጋሼ ገረመው የአንዲት ሴት ፊት ባይበት መልሼ እጠቀልለዋለሁ ብለው ዝተው፣ ገመዱን በገዛ እጃቸው ሳቡት።

ሩሃማ ስልኳን ከፍታ ሰጠቻቸው። ነገር ፍለጋ አፍጥጠው አዩ፤ የሰው ፊት የለም። የድንኳኑ ጀርባና ቦዩ ብቻ ነው የሚታየው። ከድንኳኑ የኋላ እንጨት ሥር ግን መሬቱ ተሰንጥቋል። እያዩት አንድ ጓል አፈር ተገምሶ ድፍርስ ውኃ ውስጥ ገባ። ከድንኳኑ ሸራ ውስጥ ደግሞ ፍራሽ ላይ የሻሽወርቅ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጣለች።

ጋሼ ገረመው ወደ ድንኳኑ አንድ እርምጃ ሄደው ቆሙ። ባሏን ቀብራ የተመለሰች ሴት ከለቅሶ ፍራሽ ተነሺ ትባላለች? ሰው ምን ይላል? ስንቱን ሐዘንተኛ ሲያስቀምጡ ኖሩ እንጂ አንድም ቀን አስነስተው አያውቁም። ሌላ ጓል ወደቀ።

«እኔን አይሰሙኝም» አለች ሩሃማ። «እርስዎን ግን ይሰማሉ።»

ጋሼ ገረመው ገቡ። «የሻሽ፣ ተነሺ። ሁላችሁም ተነሡ፤ በፊት ለፊት ውጡ።»

ሰውዬው ምን ነካቸው የሚል ሹክሹክታ ተሰማ፤ የሻሽወርቅም ያላመነች መስላ አየቻቸው። መልስ ሳይጠብቁ ክንዷን ይዘው አነሷት፣ ሌሎቹም እያጉረመረሙ ተከተሉ። የመጨረሻዋ ሴት እንደወጣች የኋላው እንጨት ሰመጠ። ፍራሹን፣ አግዳሚ ወንበሩንና ሸራውን ይዞ አፋፉ ቦዩ ውስጥ ገባ። ጋሼ ገረመው መሬት ላይ ቁጭ አሉ።

ወሬው ደርሶት የመጣው የሥራው አለቃ ያፌት ላይ ጮኸበት፤ አጥሩን ያስነሳው ማን እንደሆነ ጠየቀው። ያፌት አንገቱን ደፋ፤ ያን ጊዜም ይሉኝታ ያዘው።

ጋሼ ገረመው ተነሡ። «እኔ ነኝ። ካሜራውን ሸፍኜው ስላላየኝ እኔው ልናገር። ልጁን ተወው።»

በሠልስቱ ዕለት እድርተኛው ኮንዶሚኒየሙ ግቢ ውስጥ በተተከለው ድንኳን ተሰብስቦ ሳለ ጋሼ ገረመው ሰፊ ምክር ሰጡ። መብራት ቢጠፋም የማይጨልምበት ዓይን ደጃችን ቆሞልን ነበር አሉ፤ ዘበኛ አፍሮ የሚሸሽገውን የሚናገር፣ ዘበኛውንም ባላጠፋው ጥፋት ከመባረር የሚያድን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይሻላል፤ ከእንግዲህ ድንኳን ቦይ አጠገብ አይተከል፣ ካሜራውም አይሸፈን። የለቅሶ ገመና እንዳይወጣ ግን ካሜራው ወዴት እንደሚያይ እድሩ በየጊዜው ያረጋግጥ። ሩሃማም በዚህ ተስማማች።

ሕዝቡ ሲበተን የሻሽወርቅ ቀስ ብላ መጣችና አጠገባቸው ቆመች።

«ጋሼ፣ ከባሌ ለቅሶ ሲያስነሡኝ ተቀይሜዎት ነበር» አለች። «ፍራሼን ከቦዩ ሲያወጡት አየሁት።»

እጃቸውን ይዛ አለቀሰች።