ቧንቧ ሠሪው የሰጡት ምክር

ደም ግፊቴን ልለካ በሄድኩበት ሆስፒታል፣ የቤቴን ቧንቧ የሚጠግኑልኝን ሽማግሌ ኮሪደር ላይ አገኘኋቸው። አጠገባቸው የሟች ወንድማቸው ልጅ፣ የልብ ሐኪሟ፣ ያልተፈረመ የሕክምና ፈቃድ ወረቀት ይዛ ተቀምጣለች።

"መምህር፣ ይቀመጡና ይፍረዱን" አሉኝ።

"ጋሼ፣ ለልብዎ ደም የሚያደርሰው ሥር ለሁለት የሚከፈልበት ቦታ ላይ ጠቧል" አለች ሐኪሟ። "ትንሽ ፊኛ አስገብተን፣ ነፍተን ካልከፈትነው ይገድልዎታል።"

"ልጄ፣ አርባ ዓመት ቧንቧ ሠርቻለሁ። መገንጠያው ላይ የተጠራቀመ ቆሻሻ አንዱን መስመር ሲጠርጉለት ወደ ሌላው ይገባል። እናንተም በፊኛ አንዱን ስታሰፉ ሌላውን ትደፍኑታላችሁ። ሙያዬን ለእኔው ልታስተምሪኝ ነው?"

እውነቱን ለመናገር፣ ክርክራቸው ውሃ የሚያነሳ መሰለኝ።

"ልክ ነዎት፤ እኛም የምንፈራው እሱኑ ነው" አለች። "ስለዚህ በሁለቱም መስመር ቀጭን ሽቦ እናስገባለን። ዋናውን ካሰፋን በኋላ ሁለት ፊኛ ጎን ለጎን አድርገን እኩል እንነፋለን፤ አንዱ ሌላውን እንዳይደፍን። ፊኛዎቹ ይወጣሉ፤ ደም ሥሩን ደግፎ የሚይዝ ትንሽ የሽቦ መረብ ይቀራል። አደጋ የለውም አልልዎትም። ከመተው ግን ይሻላል።"

ሽማግሌው ወረቀቱን ከእጇ ተቀበሉ።

"አባትሽ ሲታመም ይሄ ሕክምና ነበር?"

"ነበር፣ ጋሼ።"

"እንዳይፈርም የከለከልኩት እኔ ነኝ። ሐኪሙ ማስረዳት ሲጀምር፣ 'የቧንቧን ነገር ለእኔ ተወው' ብዬ ወንድሜን እጁን ይዤ አወጣሁት። በሳምንቱ ቀበርኩት።"

"አውቃለሁ። እናቴ ነግራኛለች።"

"እያወቅሽ ነው ጋሼ የምትይኝ?"

"አባቴን ቀብሬያለሁ። እርስዎን መቅበር አልፈልግም።"

ያን ጊዜ ገባኝ። ሰውየው የፈሩት ፊኛውን አልነበረም፤ መፈረም በገዛ ራሳቸው ላይ መመስከር ሆኖባቸው ነው። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ልላቸው አሰብኩና አፈርኩ። እያለቀሱ ፈረሙ። እኔም አለቀስኩ።

ከሦስት ወር በኋላ ቤቴ መጡ።

"አሁን ገበያ ድረስ ሳላርፍ እሄዳለሁ" አሉኝ። "ደረቴን የሚጨመድደኝ ነገር ጠፋ፤ ሥራዬንም ጀመርኩ። ዕውቀት መልካም ነው፣ መምህር፤ ግን የራስን ሙያ ይዞ የሰው ሙያ ላይ መፍረድ ሰው ያስቀብራል። የታመመ ሰው ባገኘሁ ቁጥር፣ 'ሐኪሙ ተናግሮ ሳይጨርስ ከወንበርህ እንዳትነሳ' እለዋለሁ። ለሁሉም ነግሬያለሁ። ለወንድሜ ብቻ ነው ያልነገርኩት።"