በድንጋዩ በኩል መንገድ ላስወጣችው መምህርት

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤ ከላይኛው መንደር ወርዳችሁ፣ ከታችኛው መንደር ወጥታችሁ፣ በዚህ ቁልቁለት ላይ አንድ እግራችሁን ከፍ አንድ እግራችሁን ዝቅ አድርጋችሁ የቆማችሁ ሁሉ፤ ስለ መምጣታችሁ በቤተሰቡ ስም አመሰግናለሁ። አረጋውያን፣ እባካችሁ ድንጋዩ ላይ አረፍ በሉ። ብዙ አላቆያችሁም። እሷም ረጅም ንግግር አትወድም ነበር፤ የራሷ ካልሆነ በስተቀር።

ታውቁኛላችሁ። የወተት ማኅበሩ ኃላፊ ነኝ። ከዚያ በፊት ግን የእሷ አብሮ አደግ ነኝ። አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ፊደል ቆጥረናል። አባቶቻችን አንድ ካባ ውስጥ ድንጋይ ፈልጠዋል። ስለዚህ ዛሬ ሰው ፊት ቆምኩ ብዬ "እሳቸው" ልላት አልችልም። አንቺ ስላት ኖሬአለሁ፤ አንቺ ብዬ እሸኛታለሁ።

ተማሪዎቿ "እትዬ ካርታ" ይሏት ነበር። የማታውቅ መስሏቸው በሹክሹክታ ነው የሚጠሯት። እሷ ግን ታውቅ ነበር። አንድ ቀን በር ላይ ቆማ፣ "ካርታ እንኳ በሥርዓት ካላጠፉት ይቀደዳል፤ እናንተም ሥርዓት ያዙ" አለቻቸው። ከዚያ በኋላ ስሙ በይፋ ጸደቀ።

ማን ነበረች? የጂኦግራፊ መምህርት ነበረች ብንል እውነት ነው። ግን አይበቃም። አንድ ነገር ልንገራችሁና እናንተው ፍረዱ።

ልጄ አሟታል ተብሎ ተልኮብኝ ልወስዳት ትምህርት ቤት ሄድኩ። ክፍሉን ታውቁታላችሁ፤ ጣሪያው ያፈሳል፣ መስኮቱ ወደ ገደሉ ነው። ስገባ ተማሪው በሙሉ መስኮቱ ላይ ተደራርቧል።

"ምን ታያላችሁ?" አለቻቸው።

"ተራራ" አሉ።

"ተራራውንማ በጎቹም ያዩታል። እናንተ ምን ታያላችሁ?"

ታምማለች የተባለችው ልጄ፣ "ግራው አረንጓዴ ነው፣ ቀኙ ጥቁር ነው" አለች።

"ጎበዝ። ለምን?"

ለምን እንደሆነ ነገረቻቸው። ግራው ሸክላ አፈር ነው፤ ውኃ ይይዛል፣ ሣር ያበቅላል፣ ውኃ ሲበዛበት ደግሞ ይሄዳል። ቀኙ ድንጋይ ነው፤ ምንም አያበቅልም፣ ግን ካለበት ንቅንቅ አይልም። ቀጥላ ጠየቀች፤ "አያቶቻችን ቤታቸውን የት ሠሩ?" በድንጋዩ ላይ። "ከብቶቻቸውን የት አሰማሩ?" በሣሩ ላይ። "ታዲያ መንገዱን ማን በሣሩ ላይ አወጣው?"

ልጄ "ቤት እንሂድ" ስላት "ቆይ አባዬ፣ ትጨርስ" አለችኝ።

መንገዱን በሣሩ ላይ ያወጣው ካባው ነው። ትልልቆቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የእኛ ስስ ጥቁር ድንጋይ ለጣሪያ ተፈላጊ በነበረበት ጊዜ ካባውን የከፈቱት ሰዎች ቸኩለው ነበር። ለስላሳውን አፈር በአንድ በጋ ጠረጉና መኪናቸውን አስገቡ። ከታች ባሉት ከተሞች ያረጁ ጣሪያዎች ሁሉ የአባቶቻችን እጅ አለባቸው። ከዚያ ቆርቆሮ መጣ። ቆርቆሮ ቀላል ነው፣ ርካሽ ነው። ድንጋያችን ተረሳ። ካባው ተዘጋ፣ መኪናው ቀረ፣ ጎልማሳው ሥራ ፍለጋ ወረደ። በየቤቱ አንድ አንድ አልጋ ባዶ ሆነ።

የቀረነው ምን አደረግን? ሣሩን አየን። ላም አረባን። ማኅበር መሠረትን፣ ያንን ያረጀ መንገድ ይዘን ወተታችንን በየማለዳው አወረድን። ሀብታም አልሆንንም። ግን ኖርን። ልጆቻችንም ጫማ አደረጉ።

ከዚያ ያ ክረምት መጣ። አረንጓዴው ወገን ከነሣሩ፣ ከነመንገዱ ተነሥቶ ገደል ገባ። ሰው አልሞተም፤ ተመስገን። ወተቱ ግን የሚወርድበት አጣ። እኔ ራሴ፣ በእነዚህ እጆቼ፣ ጀሪካኑን ገልብጬ ጅረት ውስጥ ደፋሁት። ጅረቱ ነጣ። ውሾቹ እንኳ ጠግበው ዞር አሉ። በዚያው ሰሞን ምጥ የያዛትን የጎረቤቴን ሚስት በቃሬዛ ተሸክመን በፍየል መንገድ አወረድናት። እሷም ልጇም ተረፉ። ልጁ ዛሬ እዚህ አለ፤ ያቺ እናቱ ያቀፈችው ነው።

ያን ጊዜ ከታች አንድ የመንገድ ባለሙያ መጥቶ አዳራሽ ውስጥ ሰበሰበን። ክፉ ሰው አልነበረም። በደግ ፊት፣ በለሰለሰ አንደበት ነገረን። ሜዳው ላይ የምንሰፍርበት ቦታ ተዘጋጅቷል፤ ውኃ አለ፣ መብራት አለ። "እዚህ መንገድ መሥራት አይቻልም" አለ፤ "መሬቱ ይሄዳል።"

አዳራሹ ጸጥ አለ። ያን ጸጥታ ታስታውሱታላችሁ? ሰው አንገቱን ደፍቶ በልቡ ዕቃውን ሲሸክፍ የሚወርደውን ጸጥታ?

እሷ ተነሣች። ትጮኻለች ብለን ጠበቅን። አልጮኸችም።

"ልክ ብለዋል" አለችው። "መሬቱ ይሄዳል። የሚሄደው መሬት ላይ ግን ሥሩልን አላልንም። ይምጡ፣ የማይሄደውን ላሳይዎት።"

ሰውየውን ከነከተማ ጫማው ይዛው ወጣች። በድንጋዩ ወገን፣ ከካባው በፊት በቅሎ ይወርድበት በነበረው መንገድ። ሲንሸራተት በትሯን ሰጠችው። እኛም ከኋላ ተከተልን፤ ግማሻችን አምነን፣ ግማሻችን ሰውየው ሲወድቅ ለማየት። መሐል ላይ ሲደርስ ቁጢጥ አለና ዐለቱን በመዳፉ መታ መታ አደረገው።

"ይኼስ ይይዛል" አለ። "ግን ማን ይፈልጠዋል?"

ዞር ብላ አየችን። አንድ በአንድ አየችን።

"የማን ልጆች ናችሁ?" አለች።

በማግስቱ በየቤቱ ጓዳ የዛገው የአባቶቻችን ዲጂኖ ወጣ። መዶሻው ወጣ። ባለሙያውም ቃሉን ጠበቀ፤ ድማሚትና አንድ መሐንዲስ ለምኖ ላከልን።

አንድ ነገር ግን ቀረ። መንገዱ ከታች የሚወጣው በፖም አትክልት ውስጥ ነው። የአትክልቱ ባለቤት ደግሞ የገዛ ታላቅ ወንድሟ ናቸው። ጋሼ፣ እዚህ ራስጌዋ ላይ ቆመዋል፤ ይህን እንድናገር ትናንት ፈቅደውልኛል።

ጋሼ ያንን ቦታ ሲይዙት ባዶ ድንጋይ ነበር። አፈሩን ከወንዝ ዳር በጆንያ፣ በጀርባቸው ነው ያመጡት። እህታቸው መንገዱን ብላ ስትመጣ፣ "ለመኪና ጎማ አይደለም የተከልኩት" አሏት። እውነታቸውን ነው። ማናችን ሌላ እንል ነበር?

እሷም አልተከራከረችም። ትምህርት በሌለ ቀን ሁሉ የመግረዣ መቀስ ይዛ ወደ አትክልቱ መውረድ ጀመረች። ገረዘች። ኮተኮተች። መሰላል ላይ ወጥታ ለቀመች። ስለ መንገድ አንዲት ቃል አላነሣችም። እኛ በገንን። ዐለት ስንፈልጥ ውለን እጃችን ቆስሎ ስንመለስ እሷን በፖም ቅርጫት እናገኛታለን።

"እኛ ድንጋይ እንፈልጣለን፣ አንቺ ፖም ትለቅሚያለሽ?" አልኳት።

"እኔም ሥራ ላይ ነኝ" አለችኝ።

የለቀማው መጨረሻ ላይ ወንድሟ ራሳቸው ጠየቋት። ከዚህ በኋላ ያለውን የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

"ለመሆኑ መንገዱ የት ደረሰ?"

"አጥርህ ጋ።"

"እና?"

"ቆሟል።"

"ታዲያ ይኼን ሁሉ ጊዜ ምነው ዝም አልሽ?"

"ወንድም ጋሼ፣ መጀመሪያ ስጠይቅህ ዛፎቹን አላውቃቸውም ነበር። ምን እንደምጠይቅህ ሳላውቅ ነው የጠየቅኩህ። አሁን አውቃቸዋለሁ። አሁንም እጠይቅሃለሁ።"

ጋሼ በማግስቱ መጋዝ ይዘው ወጡ። "ማንም እንዳይነካቸው፣ እኔ ነኝ የምቆርጣቸው" አሉ። የመጋዙን ሌላኛውን ጫፍ እሷ ያዘች። እኛ ከአጥሩ ማዶ ቆመናል። አንዱ ዛፍ በወደቀ ቁጥር ወንድምና እህት ትንሽ ይቆማሉ፣ ላባቸውን ይጠርጋሉ፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። እንዲህ ነው መንገዱ የተገናኘው። ከታች የመጣችሁ፣ ዛሬ ጠዋት በዚያ አትክልት መሐል አልፋችሁ ነው የመጣችሁት። እሷም ትናንት በዚያው አልፋ ነው ከሆስፒታል የተመለሰችው።

ሆስፒታል ሳለች እኔና ጋሼ ሄደን ነበር። መስኮቷ ከጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ጋር ፊት ለፊት ነው። አልጋዬን አዙሩልኝ ብላ ነርሷን አስቸግራ ወደ በሩ አስዙራዋለች። "ቢያንስ ሰው ልይ" አለች። ከስታ ነበር፤ ድምፅዋ ግን ያው ክፍል የሚያስተምር ድምፅ ነው። ሰላምታ እንኳ ሳንጨርስ፣

"ቦዩስ?" አለችኝ፤ የመንገዱን የውኃ መውረጃ ማለቷ ነው።

"ትንሽ ቀርቷል" አልኩ።

"ትንሽ ማለት ከየት እስከ የት?"

"ከመታጠፊያው እስከ ቱቦው።"

"እሱማ ዋናው ነው" አለች። "ውኃው የሚወርደው እዚያ ላይ ነው። ትንሽ ትለኛለህ እንዴ?"

ጋሼ እጇን ይዘው፣ "አንቺ ብቻ ዳኚልኝ፣ ቦዩ ይደርሳል" አሏት።

ትክ ብላ አየቻቸው። "እኔ ዳንኩም አልዳንኩም ዝናቡ ይመጣል" አለች።

ወገኖቼ፣ ማዘን አይከለከልም። ተማሪዎቿ፣ አልቅሱ። ጋሼ፣ ያልቅሱ፤ እኔም አልቅሻለሁ። ግን ከታች ካለው አስተዳደር የተባለውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። መንገዱ ይህን ክረምት ካለፈ ትምህርት ቤቱም ክሊኒኩም እዚሁ ይቆያሉ። ካላለፈ ወደ ሜዳው ይወርዳሉ። ትምህርት ቤቱ ከወረደ ልጆቹ ይወርዳሉ። ልጆቹ ከወረዱ እናቶቻቸው ይከተላሉ። ከዚያ እዚህ ማን ይቀራል? መቃብሯን መጥቶ የሚጠይቅ ማን ይቀራል?

ቀና ብላችሁ ሰማዩን እዩ። እስኪ ለቅሷችን እስኪያልቅ ይጠብቀን ይሆን? አይጠብቅም። የሞተብን ሰው እንዳለ ደመናው አያውቅም።

ስለዚህ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ይህን ጉድጓድ የቆፈርንበት ዶማ፣ አሁን አፈር የምናለብስበት አካፋ እዚሁ አለ። ስንጨርስ ወደ ቤት አንመልሰው። አቅም ያለው ሁሉ ከዚህ በቀጥታ ወደ መታጠፊያው ይውረድ። አቅም የሌለው ቤት ገብቶ ለሠራተኛው ውኃ ይላክ። ልብስህ ጥሩ ነው? ይቆሽሽ። የታችኛው መንደር ሰዎች፣ እንግዶች ናችሁ፣ አላስገድዳችሁም። መሣሪያ ግን ይተርፋል።

ጋሼ፣ የመጀመሪያውን አፈር እርስዎ ይጣሉላት።

አብሮ አደጌ፣ እንግዲህ እዚህ ላይ እንለያይ። የምትወጂያቸው ሁሉ ከብበውሻል። አንድም የቀረ የለም። ፈጣሪ ነፍስሽን በደግ ቦታ ያሳርፍልን። ስላስተማርሽን እናመሰግናለን፤ ስለተቆጣሽንም እናመሰግናለን። ደህና ሁኚ። ከእንግዲህ ቦዩስ ብለሽ አትጠይቂን፤ ማታ ስንመለስ በዚህ በኩል አልፈን እኛው እንነግርሻለን።

አንሡ አካፋውን።