የማይጎብጠው ዘንግ

መምህርት ፀገነት ከወረታ ስትመለስ የኔታ ኪዳነ ማርያምን ያገኘቻቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ጥላቸውን በእግራቸው ሲለኩ ነው። ወሩ መጋቢት ነው፤ ሜዳው በፀሐይ ፈዝዞ፣ የሽንኩርቱ ማሳ ከሩቅ ሲያዩት ባሕር ይመስላል። በሁዳዴ የሰፈሩ አሮጊቶች ጾም የሚፈቱት የኔታ «ሰባት እግር ሞላ» ሲሉ ነው። በየቤቱ ስልክ ሞልቷል፤ አሮጊቶቹ ግን ስልኩን ለወሬ፣ የኔታን ለሰዓት ብለው ለይተዋል።

«የኔታ፣ ነገ ተማሪዎቼን ይዤ ባሕር ዳር እሄዳለሁ፤ የጥንት የሳይንስ መሣሪያ የተሰበሰበበት ቤተ መዘክር አለ። ለርስዎም ወንበር ይዣለሁ።»

«ጡረታ የወጣ ብረት ለማየት? እኔን ማየት አይበቃሽም?»

«ጥላ የሚለካ መሣሪያም አለ አሉ።»

«ለጥላ እግሬ መች አነሰኝ፣ ልጄ! አባቶቻችን ያለ ብረት ሰዓቱን አላጡትም። እኔ እዚያ ስደነቅ ብውል እነ እማሆይ ደብረወርቅን ማን ጾም ያስፈታልኛል?»

ነገራቸው እውነት ነበረው፤ ኩራትም አላጣውም። ፀገነት አልተከራከረችም። ጫማዋን አውልቃ ከጎናቸው ቆመች።

«የጥላዬን ጫፍ በከዘራዎ ምልክት ያድርጉልኝ» አለችና ተረከዟን ከጣቷ እያገጣጠመች ለካች። ሰባት አልፎ ስምንት ሊሞላ ነው። «የርስዎስ?»

«ስድስት ተኩል። እግርሽ ትንሽ ሁኖ ነው።»

«ቁመቴም አጭር ነው። እግዜር የሰውን እግር በቁመቱ ልክ ነው የሠራው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም?»

የኔታ ጥላቸውን አዩት። ጀርባቸው ከጎበጠ ሰንብቷል፤ ጥላቸው አጥሮ ሰባት እግር የሚሞላው ዘግይቶ መሆኑን ግን ልብ አላሉትም ነበር። ባለፈው ዓርብ እማሆይ ደብረወርቅ ሰዓቱን ሲጠብቁ ራሳቸውን ስተው ወድቀዋል። የኔታም «እርጅና ነው» ብለው አልፈውት ነበር። እርጅናስ እርጅና ነው፤ ግን የእማሆይ ሳይሆን የራሳቸው የየኔታ ነበር። አፈሩ።

«ስንት ሁዳዴ አስርቤያቸው ይሆን?» አሉ ቀስ ብለው።

«እሱን ማን ያውቃል፣ የኔታ? ግን እነዚያን መሣሪያዎች የሠሩትም ገላቸው የከዳቸው ሰዎች ይመስሉኛል። በራሳቸው ጥላ ፈንታ ብረት አቁመው ለኩ፤ ብረት አይጎብጥም። ደግሞ የጥላን ነገር ለልጆቹ ከርስዎ በላይ ማን ያስረዳልኛል?»

የኔታ እማሆይ ደብረወርቅ ሰዓቱን ወደሚጠብቁበት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ዞሩ። «እማሆይ! ይብሉ፤ ሰዓቱ አልፏል!» አሉና ወደ ፀገነት ተመለሱ፤ «መኪናው መቼ ነው የሚነሣው?»

በማግስቱ ቤተ መዘክሩ ውስጥ ከአንድ የመስታወት ሳጥን ፊት ብዙ ቆሙ። ከውስጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አንዲት ቀጭን ብረት ቆማለች። ሠሪዋ ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ እሷ ግን ዛሬም ቀጥ ብላ ሰዓቷን ትጠብቃለች። የኔታ በሕልም ያሉ ያህል ትክ ብለው አዩዋት።

ሲመለሱ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ የወይራ ዘንግ ተከሉ፤ ልጆቹም በጥላው መንገድ ድንጋይ ደረደሩ። ጾም በሰዓቱ መፈታት ጀመረ፤ የኔታ የሚያውቁትም አብሯቸው ከመቀበር ተረፈ።

አንድ ቀን እማሆይ ደብረወርቅ፣ «የኔታ፣ ዘንድሮስ ቀኑ አጠረልን» አሏቸው።

«ቀኑስ እንደ ወትሮው ነው፣ እማሆይ» አሉ የኔታ። «ያጠርሁት እኔ ነኝ። ይፍቱኝ።»