ሎሚ ያላበረደው ሽፍታ

ሰፈሩ «እጀ ለስላሳ» የሚላቸው አዛውንት ፀጉር አስተካካይ በጠራራ ፀሐይ ሸሚዛቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ጀርባቸውን ከሱቃቸው በር መቃን ጋር ሲያሹ የወንድማቸው ልጅ ከአውቶቡስ ወርዳ ስታልፍ አየቻቸው። ልጅቱ ነርስ ናት። ሰላም ልትላቸው ጎራ ብትል እጃቸውን እንኳ አልዘረጉላትም።

«አትንኪኝ ልጄ፤ ደሜ ቆሽሿል» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

በሩን ገርበብ አድርጋ፣ እያባበለች የሸሚዛቸውን ቁልፍ አስፈታቻቸው። ደረታቸው፣ ጀርባቸውና ክንዳቸው በቀይ ሽፍታ ተሸፍኗል፤ ሎሚ ያሹበትም ቦታ ተልጧል። ደንበኛ እንዳይሸሽ ብለው ደብቀውት ነበር፤ ደንበኛው ግን ሲያኩ እያየ አንድ በአንድ ቀርቷል።

«የምራቴ ሥራ ነው» አሉ። «እሷ ከገባች ወዲህ ሳሙናው ተቀየረ፣ እኔም እንዲህ ሆንኩ። ልብሴን እንዳትነካ ከልክያታለሁ። ዛሬ ጓዟን ስትሸክፍ ነበር። ትሂድ፣ ምን ላድርግ?»

ነርሷ አልተቆጣችም። ገላው የሚያሳክከው ሰው እንቅልፍ ያጣል፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ደግሞ ጥፋተኛ ሲፈልግ ዓይኑ የሚያርፈው አጠገቡ ባለው ላይ ነው።

«እስቲ አብረን እናስብ አጎቴ። ልጅዎንና ምራትዎንስ ያሳክካቸዋል?»

«እነሱማ ደህና ናቸው። ወጣት ናቸዋ።»

«ሳሙና አንዱን ጎድቶ ሌላውን ሊተው ይችላል፣ እውነት ነው። ግን ብዙ ጊዜ የሚብሰው በነካው ቦታ ነው፤ በሳሙናው የሚታጠበው እጅዎ ደግሞ ንጹሕ ነው።» ጣቶቻቸውን ፈልቀቅ አድርጋ አየች። «ተላላፊው እከክ ቢሆን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በጣት መሀል ይታያል፣ ቤተሰቡም አብሮ ያካል። ይሄ ግን ከደረት ተነሥቶ ግራና ቀኝ እኩል ወርዷል። እንዲህ ሲሆን፣ ገላን ምን ነካው ብቻ ሳይሆን፣ በአፍ ምን ገባ ብለንም እንጠይቃለን። በቅርቡ የዋጡት መድኃኒት አለ?»

«የለም።» ትንሽ አሰብ አደረጉና፣ «ጥርሴን ሲያመኝ ጎረቤቴ ከተረፈው ኪኒን ሰጠኝ እንጂ። እሱ የጥርስ ነው፤ ከቆዳ ጋር ምን አገናኘው?»

«ከሽፍታው በፊት ነው የጀመሩት?»

ሽማግሌው በጣታቸው ቀን ቆጠሩ። «በፊት ነው» አሉ በመጨረሻ። «ዛሬም ጠዋት ውጫለሁ።»

«የተዋጠ መድኃኒት በደም አድርጎ መላ ገላን ያዳርሳል። ለጎረቤትዎ የተስማማውን የእርስዎ ገላ ተቆጥቶት ይሆናል።» አፋቸውን ከፍተው አሳዩዋት፤ ዓይናቸውንም አየች። «አፍዎ ቢቆስል፣ ፊትዎ ቢያብጥ፣ ቢያተኩስዎ፣ ቆዳዎ ውሃ ቋጥሮ ቢላጥ ወይም ትንፋሽ ቢያጥርዎ ኖሮ ይህን ሁሉ ሳላወራ እያጣደፍኩ እወስድዎ ነበር። አሁንም ግን ሐኪም ይየው። እኔ እጠረጥራለሁ እንጂ አልፈርድም።»

«ሱቅህን ዝጋ ቢለኝስ?»

«ወደ ሰው አይተላለፍም ቢልዎስ?»

የቀረውን ኪኒን በኪሳቸው ይዘው ተከተሏት። ሐኪሙ ገላቸውን መረመረ፣ ኪኒኑን አገላብጦ አየ፣ ነርሷ የጠየቀችውንም ደግሞ ጠየቀ። የመድኃኒት ቁጣ ነበር። ወደ ሰው አይጋባም። ኪኒኑን ዳግመኛ እንዳይውጡት፣ ለሚያክማቸውም ሰው ሁሉ ስሙን እንዲነግሩ አስጠነቀቃቸው።

አመሻሽ ላይ ቤት ሲደርሱ ምራታቸው ጓዟ አጠገብ ተቀምጣለች። ፊት ለፊቷ ቆመው የሆነውን ሁሉ ነገሯት። «ይቅር በይኝ ልጄ፤ ያለ ጥፋትሽ አሳዘንኩሽ» አሉ።

«አንድ ጊዜ ብቻ ቢጠይቁኝ ኖሮ» አለች ምራቲቱ፣ «ኪኒኑን እነግርዎ ነበር አባባ። መዋጫውን ውሃ ሳቀርብልዎ የነበርኩት እኮ እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ዝቅ ብለው ጓዟን በገዛ እጃቸው አንሥተው ወደ ጓዳ መለሱት።

ሽፍታው ቀስ በቀስ ከሰመ፤ ደንበኞቻቸውም ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ እያከከ የሚመጣ ሰው ሲያጋጥማቸው ሎሚ አያዙም። መቼ ጀመረህ፣ ምን ነካህ፣ ምን ዋጥህ፣ ቤትህ ውስጥ ሌላ የሚያከው ማነው ብለው ይጠይቁና ወደ ሐኪም ይልኩታል። ሳይጠይቁ መፍረድ ገላንም ቤትንም እንደሚያቆስል በራሳቸው አይተዋልና።