ለቅሶ በፈረቃ

ክቡር ዶክተር ዐብዲፈታህ፣ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፣

ይህን አዳራሽ አሳምራችሁ፣ የግመል ሥጋ ለሚበላውም ጾም ለያዝነውም ለየብቻ አብስላችሁ፣ እኔን እንደ ሙሽራ መሐል ላይ ስላስቀመጣችሁኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጡረታ የሚወጣ ሰው እንዲህ የሚደገስለት መሆኑን ባውቅ ኖሮ ቀደም ብዬ በወጣሁ ነበር።

ዶክተር ቅድም «ሲስተር ወለተሐና ተቆጥታ አታውቅም» ሲሉ የማዋለጃ ክፍል ልጆች ተያይታችሁ ስትሳሳቁ አይቻለሁ። ማን ማን እንደሆናችሁ ይዣለሁ። ጡረታ ወጣች ብላችሁ እንዳትዘናጉ።

ወደ ሰጣችሁኝ ፖስታ ልምጣ። ፈርሂያ «ኤዶ፣ አሁኑኑ ክፈቺው» አለችኝ። ኤዶ ስትለኝ አክስቴ ማለቷ ነው፤ ተማሪ ሆና እዚህ ጅጅጋ ሆስፒታል ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ሌላ ስም ጠርታኝ አታውቅም። ከፈትኩት። መሐል አዲስ አበባ፣ በየአገሩ ቅርንጫፍ ያለው ያ ሰማይ ጠቀስ ሆቴል፣ ሁለት ሌሊት፣ ለሁለት ሰው፣ ከነቁርሱ። ወረቀቱን ደጋግሜ ሳነብ አይታችሁ አጨበጨባችሁልኝ። ደስታ መስሏችሁ ነው። እኔስ ብሆን ምን ይመስለኝ ነበር?

ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። የዛሬ ሦስት ዓመት ከዚያ ሆቴል ስመለስ ፈርሂያ «ሆቴሉስ እንዴት ነበር?» ብላ ጠይቃኝ ነበር። ሌላውን ለመናገር አፌ እምቢ ስላለኝ «ከመስኮቱ ከተማው በሙሉ ይታያል» አልኳት። ያቺን አንድ ቃል ሦስት ዓመት ይዛችሁ ኖራችሁ! ቅድም ፖስታውን ስትሰጠኝ በጆሮዬ «ያኔ በሐዘን ነበርሽ፣ አሁን በደስታ እዪው» አለችኝ። ለዚህ ፍቅር ምን ይመለስለታል? ያላወራሁትን ልንገራችሁ። ከዛሬ ወዲያ እኔን የሚሰማ ስብሰባ የለም።

አዲስ ለገባችሁ፣ ሳማታር የአምቡላንሳችን ሾፌር ነበር። ከሐርተሼክ፣ ከደገሀቡር፣ ስንቷን ምጥ ላይ ያለች ሴት እያባበለ አምጥቷል! ሪፈር ይዞ ሲወጣ ደግሞ ካራማራ ተራራ ላይ ሲደርስ ሳይረኑን ያጠፋዋል። «ለምን?» ስለው «ሲስተር፣ እዚህ መንገድ ላይ ያለው ግመል ነው፤ ግመል ደግሞ በሳይረን አይደነግጥም፤ የምንደነግጠው እኛው ነን» ይለኝ ነበር። የኋላውን፣ በሽተኛው የሚተኛበትን ክፍል መብራት ግን አያጠፋም። ባትሪ ትጨርሳለህ እያሉ ጋራዦች ስንቴ ተጣሉት። «የታመመ ሰው ጨለማ ውስጥ አይጫንም» ይላቸዋል።

ኩላሊቱ ሲደክም ወደ አዲስ አበባ ሪፈር ተጻፈለት። አብሮን የሚሠራ አንድ ድርጅት የአስታማሚዎቹን ማደሪያ እችላለሁ አለ፤ አመሰገንን። ሆስፒታሉ አጠገብ ያለች ትንሽ ፔንሲዮን ትበቃናለች ብዬ ብለምን «ሲስተር፣ ውላችን ከዚህ ሆቴል ጋር ብቻ ነው። ደግሞስ ለእናንተ ምቾት አይደለም እንዴ?» አሉኝ። እኔና ባለቤቱ ደሃቦ አሥራ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ተሰቀልን።

የመጀመሪያው ቀን ሳቅ ነበር። ሊፍቱ የክፍላችንን በር የምንከፍትበት ካርድ ከሌለ አይንቀሳቀስም። ክፍላችን ስንገባ ጨለማ ነው፤ ማብሪያ ማጥፊያውን ብንጫን፣ ብንደበድብ ወይ ፍንክች! ሁለታችንም በጨለማ ቆመን ቆየን። በኋላ የጽዳት ሠራተኛዋ መጥታ ካርዱን ከእጄ ወሰደችና በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ካለች ጠባብ ማስገቢያ ውስጥ ከተተችው። ቦግ አለ። ካርዱ ሲገባ ይበራል፣ ሲወጣ ይጠፋል። ደሃቦ «ኤዶ፣ ስንት ዓመት ነርስ ሆነሽ መብራት ማብራት አታውቂም?» ብላ ሳቀችብኝ። መስኮቱ አይከፈትም፤ ብርዱን የሚነፋው ማሽን አይዘጋም። እሷ በጋርባሳሯ እኔ በጋቢዬ ተጠቅልለን እንተኛለን። ለሶላት የምትዞርበት ቂብላው በየት እንደሆነ ስታጣ እንግዳ መቀበያው ላይ ያለው ልጅ ወጥቶ አሳያት። ጨዋ ልጅ ነው። ይህን የምላችሁ በኋላ እንዳትጠሉት ነው።

ሳማታርን የምናየው በቀን ለጥቂት ደቂቃ ነበር። ጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚያስገቡኝ ባጄን፣ ይህን የሥራ መታወቂያ ካርዴን፣ ሲያዩ ስለሆነ ከአንገቴ አላወልቀውም። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት ደወሉልን። እኔ ስንቱን ሞት አይቼ፣ ለስንቱ ቤተሰብ አርድቼ አውቃለሁ። ደሃቦ ግን ፊቴን አይታ ራሷ አወቀችው።

ወንድሙ መጣ፤ ወንዶቹ ተሰብስበው እንደ ሃይማኖታቸው ቀትር ላይ ቀበሩት። ደሃቦ የደም ግፊቷ በጣም ከፍ ብሎ ነበርና እኔው ነኝ ከአልጋ እንዳትነሳ የከለከልኳት። በማግሥቱ በአውሮፕላን ልንመለስ ነው። እና ለቅሶው የት ይሁን? ያው እዚያው ሆነ።

እናንተ የዚህ አገር ሰዎች ናችሁ፤ ሶማሌ ቤት ሞት ሲሰማ ምን እንደሚሆን አትነግሩኝም። አዲስ አበባ ያሉ የጅጅጋና የደገሀቡር ሴቶች፣ ደሃቦን በመልክ እንኳን የማያውቋት፣ ሰምተው መጡ። ወደ ማታ ላይ የሆቴሉ አዳራሽ በእነሱ ሞላ። የእንግዳ መቀበያው ልጅ ወደ እኔ መጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እናቴ፣ ለአንድ ክፍል በአንድ ጊዜ ሦስት ጎብኚ ብቻ ነው የሚፈቀደው» አለኝ።

«ለቅሶ እኮ ነው» አልኩት።

«ነፍስ ይማር» አለኝ። «ግን ሦስት ነው።»

ምን ታደርጋላችሁ? ክፉ ሰው ባገኝ እጣላ ነበር፤ ጠብ እችላለሁ። ማንም ክፉ አልነበረም። ውኃ አመጡልን፣ ወንበር አመጡልን፣ አንገታቸውን ደፍተው ቆሙልን። ሦስት ግን ሦስት ነው።

ሦስት ሴቶች ይዤ በሊፍት እወጣለሁ። ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው «አላህ ሀ ኡ ነሐሪስቶ፣ አላህ ይማረው» እያሉ ይገባሉ። ደሃቦ ታለቅሳለች፣ ያቅፏታል። ገና እንባዋ መውጣት ሲጀምር ስልኩ ይጮኻል፤ ታች የሚጠብቁት በዝተዋል። አንድ ጊዜ ደግሞ ጫማዎቹን ከኮሪደሩ እንድናነሳ ደወሉ። ሦስቱን አወርዳለሁ፣ ሌላ ሦስት አወጣለሁ። አንዷን አብራት እንድትቆይ ብለምናት ታች የቆሙትን አስባ «ተራው የእነሱ ነው» ብላኝ ወረደች። እኛ ሆስፒታል ውስጥ በፈረቃ እንሠራለን። ለቅሶ በፈረቃ ግን አይቼ አላውቅም ነበር።

ካርዱስ? ሊፍቱ ያለ ካርድ አይሄድማ። ከማስገቢያው ነቅዬ ይዤው ስወርድ ክፍሉ ይጨልማል። ሁለተኛ ካርድ ስጡኝ ብል የደሃቦን መታወቂያ አምጪ አሉኝ፤ መታወቂያዋ ሬሳ ሲወጣ ሆስፒታል ቀርቷል። መጀመሪያ ላይ መስኮቱ ብርሃን ነበረው። ፀሐይ ጠልቃ ከመግሪብ በኋላ ግን ያ እናንተ የምታውቁት የከተማ መብራት ሩቅ ነው፤ ክፍል ውስጥ አይገባም።

«ደሃቦ፣ ልወርድ ነው፤ መብራቱ ይጠፋል» እላታለሁ።

«ይጥፋ። ብቻ ተመለሺ።»

በሩን ስከፍት አልጋው ጫፍ ላይ ጨለማ ውስጥ ተቀምጣ ትጠብቀኛለች። «ኤዶ፣ አንቺ ነሽ?» ትላለች። በወጣሁ ቁጥር «ኤዶ፣ አንቺ ነሽ?» እስከዛሬ በር ስከፍት እሰማዋለሁ። ባሏን በቀበረች ማታ ያቺን ሴት ደጋግሜ ጨለማ ውስጥ ጥያት ወረድኩ፤ ሌላ ያደረግሁላት ነገር የለም።

ጠዋት ሻንጣችንን ይዘን ስንወጣ እንግዳ መቀበያው ላይ ያለችው ልጅ ፈገግ ብላ «ቆይታችሁ እንዴት ነበር?» አለችን። «ጥሩ ነው» አልናት፤ ሁለታችንም።

ጅጅጋ አየር ማረፊያ የተቀበለን ባልደረባችን ወንደሰን ነው። ያው እዚያ ጋ ራሱን ይዞ ተቀምጧል። ደሃቦን ዘመዶቿ ወሰዷት፤ እኔን ወደ ቤት ሲያደርሰኝ የመብራቱን ነገር አጫወትኩት። እሱ በሥልጠና ምክንያት ሆቴል ለምዷል። «ውይ ሲስተር! እሱ እኮ ካርድ አይለይም። ማንኛውንም ካርድ፣ የሲጋራ ካርቶን ብትከቺበት ይበራል» አለኝ። ከዚያ በኋላ እስከ ቤቴ አላወራሁም። «ምነው ዝም አልሽ?» ብሎኝ ነበር። ወንደሰን፣ አላዘንኩብህም። ለምን ዝም እንዳልኩ እንድታውቀው ብዬ ነው።

ባጄ አንገቴ ላይ ነበር። ያን ማታ ሙሉ ስወጣና ስወርድ፣ ይኸው ይህ ባጅ፣ ደረቴ ላይ እየተንጠለጠለ ነበር።

ለደሃቦ አልነገርኳትም። ደገሀቡር ልጆቿን ታሳድጋለች፤ በየበዓሉ እንደዋወላለን። ስለዚያ ማታ እኔም አላነሳ፣ እሷም አታነሳ።

ዶክተር፣ የሰው ኃይል ክፍል ዛሬ ባጅሽን መልሺ ብሎኛል። ደንብ ነው፤ እመልሳለሁ። ግን ስጦታችሁ ለሁለት ሰው ይላል። ደሃቦን አብረሽኝ ሂጂ እላታለሁ። እምቢ ብትል አልፈርድባትም፣ ብቻዬን እሄዳለሁ። እና ባጁን ለሁለት ሌሊት አውሱኝ። እዚያ ማስገቢያ ውስጥ እከተዋለሁ፤ ከዚያ ካርዱን ይዤ እወርድና ታች እቆማለሁ። ላይ ያለው ክፍል እንደበራ ይቆያል።

ምን ይጠቅማል? ምንም። ሳማታርም አይነሳ፣ ያ ማታም አይመለስ። ይህን አውቃለሁ። ቢሆንም አውሱኝ።

በሉ እንግዲህ ልመርቃችሁ። በእጃችሁ የነካችሁት በሽተኛ ይዳንላችሁ። የምታዋልዷቸው ልጆች አድገው የሚጦሯችሁ ይሁኑ። አላህም እግዚአብሔርም መንገዳችሁን ይጠብቅ፤ ካራማራን በደኅና ወጥታችሁ በደኅና ውረዱ። ደስታ ሲመጣ አዳራሽ ይጥበባችሁ። ሐዘን ደግሞ መምጣቱ አይቀርምና፣ ሲመጣ መብራት በርቶ፣ ቤቱ በሰው ሞልቶ ይድረስባችሁ።

ቤቴን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እሑድ ኑ። ጫማችሁን የትም አውልቁት። ሦስት ሦስት እየሆናችሁ አይደለም፤ ሁላችሁም በአንድ ጊዜ ግቡ።